ሁለት ጥርስ አጥቻለሁ፤ አንዱን በመቸኮል፣ ሌላውን በመዘግየት

እናቴ ቆሎ ከበላች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል። ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ቆሎው ለእንግዳ ይዞራል፤ እሷ ግን ዳቦዋን በሻይ እያራሰች ትበላለች። ጥርስ ሐኪም ቤት ሄዳ ጥርሷ ሳይነቀል የተመለሰችበትን ቀን አላስታውስም። ለእሷ ትውልድ የጥርስ ሐኪም ማለት ነቃይ ማለት ነበር። ሰው ሐኪም ዘንድ የሚሄደውም ቅርንፉዱም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ አረቄውም ተሞክሮ ሁሉም አልሆን ሲል ነበር።

ባለፈው ዓመት ግራ ጉንጬ አብጦ በቪዲዮ ስታየኝ ደነገጠችና፣ «ልጄ፣ ምን ያንገላታሃል? አስነቅለውና ተገላገል» አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ያን ቀን እናቴ ትክክል ነበረች። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ደግሞ ይህንኑ ምክር ሰምቼ ሌላ ጥርስ አስነቅያለሁ፤ ያኔ ግን ምክሩ ስህተት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ጥርስ አጥቻለሁ። የመጀመሪያው መዳን እየቻለ ተነቀለ። ሁለተኛው ደግሞ መነቀል ሲገባው አራት ወር አፌ ውስጥ ከረመ፤ ከጥርሱ ይልቅ ያ አራት ወር በለጠ ጎዳኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ኮድ ጽፌ የማድር የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። ነገር ግን በዚህ መሀል የተማርኩት፣ ያነበብኩትና ሐኪሞቼን አድክሜ የጠየቅኩት ነገር ለብዙ ወገኖቼ ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ ልጽፈው ወሰንኩ። በተለይ በየሀገሩ ተበትነን፣ በማናውቀው የኢንሹራንስ ሥርዓት ውስጥ፣ በባዕድ ቋንቋ «ይነቀል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሳይገባን ለምንፈርም ሰዎች።

የመጀመሪያው ጥርስ

ባሕር ዳር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የፈተና ሳምንት ነው። በቀኝ በኩል ያለው የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ከተቦረቦረ ቆይቷል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ብቻ ስለሚያመኝ ዝም ብዬው ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። የዶርም ጓደኛዬ እየጎተተ ክሊኒክ ወሰደኝ።

ሐኪሙ በደንብ አይተው ሁለት ምርጫ ሰጡኝ። አንደኛው የጥርሱን ስር አጽድቶ መሙላት ነው፤ ሦስት ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል፣ ዋጋውም ለተማሪ ከበድ ይላል። ሁለተኛው መንቀል ነው፤ ዛሬውኑ ያልቃል፣ ዋጋውም የምሳ ብር ነው ማለት ይቻላል። «ግድግዳው ጥሩ ነው፣ ቢታከም ይቆይልሃል» እንዳሉኝ ዛሬም ድረስ ጆሮዬ ላይ አለ። እኔ ግን የሰማሁት «ዛሬውኑ ያልቃል» የሚለውን ብቻ ነው። ነገ ፈተና አለብኝ፤ ኪሴ ባዶ ነው፤ ደግሞም ወደ ኋላ ያለ ጥርስ ስለሆነ ስስቅ አይታይም። አስነቀልኩት።

እውነት ለመናገር ተገላገልኩ። ግን ለጥቂት ዓመት ብቻ። ቀስ በቀስ ከኋላው ያለው ጥርስ ወደ ክፍተቱ መጋደም ጀመረ፤ ከላይ ያለው ትይዩ ጥርስ የሚጋፋው ስላጣ ወደ ታች ወረደ። በመሀላቸው ሥጋና ጎመን ይሰካል፤ ድዴ ይቆስላል። በመጨረሻ በዚያ በኩል ማኘክ ተውኩና ሁሉንም ሥራ ለግራው ሰጠሁት። አንድ ጥርስ ሲነቀል የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቶቹም ይናጋሉ። ይህን ያኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ወይም ነግረውኝ አልሰማሁም።

በእኔ ሙያ አንድ የተለመደ አባባል አለ፤ የሰረዝከውን ነገር መመለስ መቻልህን ሳታረጋግጥ አትሰርዝ። ኮድ ቢበላሽ ወደ ትናንቱ ቅጂ መመለስ ይቻላል። የነቀሉት ጥርስ ግን ወደ ቦታው አይመለስም።

ሁለተኛው ጥርስ

ለማስተርስ ወደ አሜሪካ ስመጣ የግራው የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ተራውን ይዞ ታመመ። አሁን አንድ ጊዜ ተምሬያለሁና «አይነቀልም» አልኩ። የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ክሊኒክ ሄጄ፣ በመምህር ቁጥጥር ሥር የሚሠሩ ተማሪ ሐኪሞች በቅናሽ ዋጋ ሩት ካናል ሠሩልኝ። ሩት ካናል ማለት በአጭሩ ጥርሱ ውስጥ ያለውን የታመመ ነርቭ አውጥቶ፣ የስሩን ቀጭን ቧንቧዎች አጽድቶ መሙላትና ማሸግ ነው። ጥርሱ ነርቭ ባይኖረውም ሥራውን ይሠራል።

እዚህ ላይ ሌላ ጥፋት አጠፋሁ። እንዲህ የታከመ መንጋጋ ጥርስ ተሰባሪ ስለሚሆን በላዩ ላይ ክራውን፣ ማለትም እንደ ቆብ የሚያቅፈው መሸፈኛ፣ እንዲደረግለት ተነግሮኝ ነበር። «ሥራ ስይዝ አሠራዋለሁ» ብዬ ከአንድ ዓመት በላይ አዘገየሁት። ቀኙ ባዶ፣ ግራው ያለ ቆብ፤ እኔም በግራዬ ቆሎ እቆረጥም ነበር።

ዓመታት አለፉ። ባለፈው ዓመት ያው ጥርስ ስነክስበት ያመኝ ጀመር። ድዴ ላይ ትንሽ ብጉር የመሰለች ነገር ትወጣለች፣ ትፈነዳለች፣ ትጠፋለች፣ ተመልሳ ትወጣለች። ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለች የጥርስ ሐኪም ሄድኩ። ራጅ አነሳች። ከዚያ በቀጭን መለኪያ በጥርሱ ዙሪያ ድዴን እየለካች ቁጥሩን ጮክ ብላ ለረዳቷ ትነግራት ነበር፤ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዘጠኝ። ዘጠኝ ላይ ቆም አለች። «ስሩ ከላይ ወደ ታች የተሰነጠቀ ይመስለኛል። ከሆነ መነቀል አለበት» አለችኝ። ከዚያም የወጪ ዝርዝር ያለበት ወረቀት መጣ። መንቀያ፣ የአጥንት መሙያ፣ ኢምፕላንት፣ ክራውን፤ ድምሩ ከ5,000 ዶላር ይበልጣል።

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወጣሁ። በልቤ «ነጋዴዎች!» አልኩ። የባሕር ዳሩ ጥርስ ትዝ እያለኝ፣ «ሁለተኛ አልሸወድም» አልኩ።

ቀጥሎ ያደረግኩትን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ለጓደኞቼ በቴሌግራም ጻፍኩ። አንዱ «እነሱ ሥራቸው ብር ማምጣት ነው» አለኝ። ሌላው ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ አሞክሳሲሊን ሰጠኝ። ዋጥኩ፤ ሻል አለኝ። ተመለሰ፤ ደግሜ ዋጥኩ። እንዲህ እያልኩ አራት ወር ገፋሁ።

አንድ ቅዳሜ ማታ ግን ጉንጬ አበጠ፤ አፌን መክፈት አቃተኝ፤ ትኩሳትም መጣ። ድንገተኛ ክፍል ገባሁ። በደም ሥሬ መድኃኒት ሰጡኝ፣ ሲቲ ስካን አነሱኝ፣ ሲነጋጋ ደግሞ «ጥርሱን እኛ አንነቅልም፣ ሐኪምህ ዘንድ ሂድ» ብለው አሰናበቱኝ። የእዚያ ሌሊት ሂሳብ ብቻውን ጥርሱን ብዙ ጊዜ ያስነቅል ነበር።

በዚያው ሳምንት የስር ሕክምና ስፔሻሊስት ዘንድ ሄድኩ። በማይክሮስኮፕ አየችው፤ ሰማያዊ ቀለም ቀባችውና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ቀጭን ሰማያዊ መስመር ከላይ ጀምሮ ወደ ስሩ ይወርዳል። «እኔ የምተዳደረው ጥርስ በማዳን ነው። ይህን ግን ማዳን አልችልም» አለችኝ። ያን ጊዜ አመንኩ። የመጀመሪያዋ ሐኪም ከጅምሩ ትክክል ነበረች።

ጥርሱን መንቀል 20 ደቂቃ አልፈጀም። ነገር ግን በአራት ወር ውስጥ ኢንፌክሽኑ በዙሪያው ያለውን አጥንት በልቶታል። የጎረቤቱም ጥርስ አጥንት ተነክቷል። በጊዜው ተነቅሎ ቢሆን ኖሮ የሚያስፈልገኝ የአጥንት መሙያ ትንሽ፣ የምጠብቀውም ጊዜ አጭር ይሆን ነበር።

ለመሆኑ «ይነቀል» የሚባለው መቼ ነው?

ከሁለቱ ጥርሶች በኋላ የገባኝ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ጥርስ የሚነቀለው ስላመመ አይደለም። ሕመም ጥርሱ እርዳታ እንደሚፈልግ ይናገራል እንጂ ምን ዓይነት እርዳታ እንደሚፈልግ አይናገርም። ሌሊት የሚያስጮህ ጥርስ ብዙ ጊዜ ይድናል፤ ምንም የማያም ጥርስ ደግሞ አንዳንዴ ተስፋ የለውም። ሐኪሙ የሚመዝነው «ምን ያህል ያማል?» የሚለውን ሳይሆን «የሚያዝ ነገር ቀርቷል ወይ?» የሚለውን ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት መበስበስ ነው። ጉድጓዱ ጥልቅ ቢሆንም ከድድ በላይ ጤነኛ ግድግዳ ከተረፈ ሩት ካናልና ክራውን ይሠራሉ። ክራውኑ ተቃቅፎ እንዲይዝ ከድድ በላይ ዙሪያውን ወደ 2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ጤነኛ ጥርስ ያስፈልገዋል። መበስበሱ ከድድ በታች ወደ ስሩ ከወረደ ግን ቆቡ የሚያርፍበት ነገር የለም። የባሕር ዳሩ ጥርሴ ግድግዳ ነበረው። ልዩነቱ ይህ ነው።

ሁለተኛው ስንጥቅ ነው። ላይ ላዩን የተሰነጠቀ ወይም ጥግ የተሸረፈ ጥርስ በሙሌት ወይም በክራውን ይድናል። ስንጥቁ ስሩን ከላይ እስከ ታች ከከፈለው ግን ባክቴሪያ እንደ ልቡ ይመላለስበታል፤ ምንም ማጣበቂያ አይዘጋውም። የዚህ ዓይነቱ ስንጥቅ በአብዛኛው የሚያጋጥመው ቀድሞ ሩት ካናል የተሠራላቸውን ጥርሶች ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ድንገት ጠልቆ የሚገባ መለኪያ፣ እንደኔዋ «ዘጠኝ»፣ አንዱ ምልክቱ ነው። ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቅ።

ሦስተኛው የድድ በሽታ ነው። እዚህ ላይ ጥርሱ ራሱ ነጭና ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ የጠፋው የቆመበት አጥንት ነው። ድድ ሲደማ «ብሩሹ ጠንካራ ሆኖ ነው» እያልን እናልፈዋለን። አጥንቱ ሲያልቅ ጥርሱ ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም መንቀሳቀስ ይጀምራል። እዚያ ደረጃ ላይ ሐኪሙ መንቀልን ቢመክር አትፍረዱበት። በኛ ዘንድ «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል» የሚባል ነገር አለ። እውነቱ ሌላ ነው። የተጋገረው ቆሻሻ ለላላው ጥርስ እንደ ሲሚንቶ ሆኖ ይዞት ይቆያል፤ ሲነሳ ቀድሞ የነበረው መላላት ይገለጣል እንጂ እጥበቱ አላላላውም። ስኳር ያለበትና ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ድዱን በተለይ መከታተል አለበት። ያልታከመ ስኳር ድድን ያባብሳል፤ የታመመ ድድም ስኳርን ለመቆጣጠር ያስቸግራል።

አራተኛው መጨረሻ ላይ የሚበቅለው የጥበብ ጥርስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ስለሚወጣ የብዙ ተማሪዎች ጉዳይ ነው። ቦታ አጥቶ ግማሹ ከድድ ሥር ከቀረ፣ በላዩ ያለው ድድ እየደጋገመ ካበጠ፣ ወይም የፊቱን ጥርስ እያበሰበሰ ከሆነ መነቀሉ ተገቢ ነው። ምንም ችግር የሌለበትስ? እዚህ ላይ ሀገራት ይለያያሉ። እንግሊዝ ውስጥ ናይስ የሚባለው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ችግር ያላሳየ የተቀበረ የጥበብ ጥርስ ለጥንቃቄ ተብሎ ብቻ እንዳይነቀል መመሪያ አወጣ። አሜሪካ ውስጥ ግን ወደፊት ችግር እንዳያመጣ ተብሎ በወጣትነት ማስነቀል የተለመደ ነው። ለዚህ ነው ለንደን ያለችው እህትና ዳላስ ያለው ወንድም ለአንድ ዓይነት ጥርስ የተለያየ ምክር የሚሰሙት። የታችኛው የጥበብ ጥርስ ስር ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ አጠገብ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመፈረማችሁ በፊት «ነርቩ ምን ያህል ይቀርበዋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሌሎችም አሉ። ጥርስ በሽቦ ለማስተካከል ቦታ ሲጠብ ከክራንቻ በስተኋላ ያሉት ትናንሽ ጥርሶች ሊነቀሉ ይችላሉ። በአንገትና በጭንቅላት ላይ የጨረር ሕክምና ለሚጀምር የካንሰር ታማሚ፣ ወይም አንዳንድ የአጥንት መድኃኒቶች ለሚታዘዙለት ሰው፣ ተስፋ የሌላቸው ጥርሶች አስቀድመው ይነቀላሉ። ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ መንቀል የመንጋጋ አጥንት እንዳይድን ሊያደርግ ስለሚችል ነው። ወላጆቻችን ለእንዲህ ያለ ሕክምና ሲዘጋጁ «ጥርስና ካንሰርን ምን አገናኘው?» ብለን አንገረም።

ምክንያት ያልሆኑ ምክንያቶች

ጥርስ ቡናማ መሆኑ የመንቀያ ምክንያት አይደለም። በስምጥ ሸለቆ፣ በእነ ወንጂና ዝዋይ አካባቢ ያደጉ ወገኖቻችን ጥርሳቸው ቡናማ የሚሆነው ከጉድጓድ ውኃው በሚገኝ ከፍተኛ ፍሎራይድ ነው። ይህን አይቶ የማያውቅ የውጭ ሐኪም ሊደነግጥ ይችላል፤ ያደጋችሁበትን ቦታና የጠጣችሁትን ውኃ ንገሩት።

እርግዝናም ጥርስ አያስነቅልም። «በአንድ ልጅ አንድ ጥርስ» የሚባለው የቆየ ብሂል ነው። ነፍሰ ጡር ሴት የጥርስ ሕክምና ማግኘት ትችላለች፤ እርጉዝ መሆኗን ማሳወቅ ብቻ ነው ያለባት።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የሕፃናት ነገር ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው በክራንቻው ቦታ ያበጠውን ድድ ምክንያት አድርጎ ገና ያልወጣውን የወተት ጥርስ በባህላዊ መንገድ የመንቀል ልማድ በሀገራችን አለ። እስራኤል ውስጥ ከኢትዮጵያ በሄዱ ቤተሰቦች ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህንኑ መዝግበዋል። እብጠቱ የተፈጥሮ ነው፤ ተቅማጡም ከእሱ አይመጣም። በዚህ ልማድ ሕፃናት ለኢንፌክሽን ይጋለጣሉ፤ ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም ይበላሻል። አያት ከሀገር ቤት ስትመክረን በአክብሮት፣ ግን በጽናት እምቢ ማለት አለብን።

ሐኪሙ የማይናገረው ምክንያት

አሁን ወደ ሚያቆስለው እውነት ልምጣ። ብዙ ጥርስ የሚነቀለው መዳን ስላልቻለ ሳይሆን ገንዘብና ጊዜ ስለሌለ ነው።

የአክስቴ ልጅ አረብ ሀገር በቤት ሠራተኝነት ትሠራለች። ጥርሷን ሲያማት ማዳም የፈቀደችላት አንድ ከሰዓት ብቻ ነው። ሩት ካናል መመላለስ ይፈልጋል፤ መንቀል ግን በአንድ ከሰዓት ያልቃል። አስነቀለችው። «ሐኪሙ ምን አለሽ?» ብላት፣ «ምን ይላል፣ እኔ ነኝ ንቀለው ያልኩት» አለችኝ። ያንን መልስ አውቀዋለሁ። ባሕር ዳር እኔም ብያለሁ።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የጥርስ ኢንሹራንስ ከሌላው የጤና ኢንሹራንስ የተለየ ነው። ብዙዎቹ ዕቅዶች በዓመት የሚከፍሉት ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ብቻ ነው፤ አንድ ሩት ካናልና ክራውን ይጨርሰዋል። እኔን በጣም ያናደደኝ ግን ሌላ አንቀጽ ነው። አንዳንድ ዕቅዶች ኢንሹራንሱን ከመግዛትህ በፊት የጠፋን ጥርስ መተኪያ አይሸፍኑም። ባሕር ዳር በምሳ ብር ያስነቀልኩትን ጥርስ ሜሪላንድ ውስጥ ለመተካት ሙሉ ዋጋውን እኔው እከፍላለሁ ማለት ነው። ከመነቀላችሁ በፊት ይህን አንቀጽ ፈልጉ።

በእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ሥር ደግሞ መንቀልና ሩት ካናል በአንድ የክፍያ ደረጃ ላይ ናቸው፤ ክራውን ነው ከፍ ወዳለው ደረጃ የሚሄደው። ስለዚህ እዚያ ያላችሁ «መንቀል ይረክሳል» ብላችሁ አትቸኩሉ። ጀርመን ያላችሁ «ቦኑስሄፍት» የምትባለውን ደብተር አትናቋት። በየዓመቱ ተመርምራችሁ ማህተም ካስደረጋችሁ፣ ለክራውንና ለብሪጅ የሚሰጠው መደበኛ ድጎማ ከ60 በመቶ በአምስት ዓመት ወደ 70፣ በአሥር ዓመት ወደ 75 በመቶ ያድጋል። አሜሪካ ያለነው ደግሞ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶችንና እንደ ገቢ የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎችን እናስታውስ።

በክረምት ለእረፍት ሀገር ቤት ገብተን በሦስት ሳምንት ሁሉንም ለመጨረስ የምንሞክረውም ነገር አለ። አዲስ አበባ ጎበዝ ሐኪሞች አሉ፤ ችግሩ እነሱ አይደሉም፤ የአጥንት ሰዓት ነው። ኢምፕላንት ከአጥንት ጋር እስኪዋሃድ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈልጋል። የአየር ትኬቱ አይጠብቅም፤ አጥንቱም አይቸኩልም። ከሄዳችሁ ራጃችሁንና የሕክምና ማስረጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ስትመለሱም የተሠራውን ሁሉ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ከመፈረም በፊት

ዛሬ ሐኪም «ይነቀል» ቢለኝ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። መጀመሪያ፣ «ምክንያቱን ራጁ ላይ አሳየኝ» እላለሁ። ሁለተኛ፣ «ላድነው ብል ምን ይደረጋል? ስንት ዓመትስ ይቆይልኛል?» ሦስተኛ፣ «ሦስት ወር ብጠብቅ ምን ይሆናል?» ይህን ጥያቄ ያኔ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ድንገተኛ ክፍል አላድርም ነበር። አራተኛ፣ «ክፍተቱ በምን ይተካል? ጠቅላላ ወጪውስ?» የመንቀያው ዋጋ ብቻውን ያታልላል። አምስተኛ፣ የምወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ እነግራለሁ። በተለይ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር በራሱ ፈቃድ ማቆም የለበትም።

ካላመንኩ ደግሞ ሁለተኛ ሐኪም እጠይቃለሁ፤ የቴሌግራም ጓደኛ ሳይሆን ሐኪም። ከተቻለ ከመንቀል ይልቅ በማዳን የሚተዳደር ሐኪም። እሱም «አይድንም» ካለ ነገሩ አልቋል። ግን በሳምንታት ውስጥ፣ በወራት አይደለም።

አንቲባዮቲክን በተመለከተ አንድ ነገር ልናገር። የሞተ ጥርስ ውስጥ ደም አይዘዋወርም፤ ስለዚህ የዋጥነው መድኃኒት ምንጩ ድረስ አይደርስም። እብጠቱን ያበርደዋል፣ ጥርሱ ግን እንደታመመ ይቆያል። በሻንጣ የመጣ አሞክሳሲሊን ጊዜ ገዛልኝ፤ ያንን ጊዜ ግን በአጥንቴ ነው የከፈልኩት። እብጠቱ ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት ከወረደ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ትኩሳት ከመጣ ነገን አትጠብቁ። አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112 ደውሉ። የጥርስ ኢንፌክሽን ሰው ይገድላል።

ከተነቀለ በኋላስ? ፋሻውን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ነክሶ መያዝ፣ በመጀመሪያው ቀን አለመጉመጥመጥ፣ በስትሮ አለመጠጣት፣ አለማጨስ። ጉድጓዱ ላይ የረጋው ደም እንደ ክዳን ነው፤ ከተነቀለ አጥንቱ ይጋለጣል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ከባሰ ይህ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪሙ ተመለሱ። ከ24 ሰዓት በኋላ ለብ ባለ የጨው ውኃ ቀስ አድርጎ መጉመጥመጥ ይረዳል።

እናቴና እኔ

አጥንቴ እስኪሞላ እየጠበቅኩ ነው። እስከዚያው በቀኝም በግራም ክፍተት ስላለ ሥጋ በቀጭኑ ይከተፍልኛል። እናቴ በቪዲዮ እያየችኝ፣ «አንተም እንደኔ ዳቦ ማራስ ጀመርክ?» ብላ ሳቀችብኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኳት። «እማዬ፣ ያንቺ ጥርሶች በምን ምክንያት ነው የተነቀሉት?» ዝም አለችና፣ «ያማቸው ነበራ» አለች። «ሐኪሙስ ምን አሉሽ?» «እኔ ጠይቄ አላውቅም፣ እነሱም ነግረውኝ አያውቁም።»

አምስት ጥርስ ቀርቷታል። ባለፈው ወር እህቴ ይዛት ሄደች፤ ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፌ በቴሌግራም ልኬላቸው ነበር። ሐኪሙ ራጁን አሳዩዋት፤ ሦስቱ በድድ ሕክምና ይቆያሉ፣ ሁለቱ ግን አጥንት ስለሌላቸው ይነቀሉ አሉ። እናቴ ማታ ደውላ፣ «ሦስቱን አዳንናቸው እኮ!» አለችኝ፤ ልጅ የወለደች ያህል ደስ ብሏት።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ሁላችሁም በዚህ ሳምንት የጥርስ ቀጠሮ ያዙ፤ ሀገር ቤት ላሉት ወላጆቻችሁም ያዙላቸው። «ይነቀል» ከተባላችሁ ደግሞ ሳትቸኩሉም ሳትዘገዩም «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ።